የአዲስ አበባ አየር፣ ብራካ1 እና ኦክስጅን ያጠረው የጡት ዕጢ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። የ38 ዓመት ታናሽ እህቴ ቀኝ ጡቷ ላይ ዕጢ ተገኝቶባት ናሙና ሲወሰድ ‹ትሪፕል ኔጋቲቭ› የሚባለው የጡት ካንሰር መሆኑ ተነገረን። ውጭ አገር ተልኮ የተሠራው የዘረ መል ምርመራም ‹ብራካ1 አለባት› የሚል ውጤት መጣ። ሐኪሟ ካርቦፕላቲን ያለበት ኬሞ እንድትጀምር ቀጠሮ ሰጥተዋታል። አንድ የቤተሰብ ወዳጅ ግን ይህ ዘረ መል ካንሰሩን ያለ ኦክስጅን እንዲኖር እንደሚያደርገው፣ የአዲስ አበባ ስስ አየርም እንደሚያባብሰው ነግረውን፣ ኬሞውን ሁለት ወር አቆይታ ሐዋሳ እንድትቀመጥና በጭምብል ኦክስጅን እንድትወስድ መከሩን። ኦክስጅን ካንሰርን እንደሚገድል ያረጋገጠ ሳይንቲስት ኖቤል ተሸልሟል ይላሉ። ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦ ኬሞው በተያዘለት ቀጠሮ ይጀመር። ወዳጃችሁ ከተናገሩት ውስጥ እውነት የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ብዙ የጡት ዕጢዎች ውስጥ ለውስጥ ኦክስጅን የሚያጥራቸው መሆኑ ነው። ከዚህ ተነሥተው የደረሱባቸው መደምደሚያዎች፣ ማለትም ለእጥረቱ ተጠያቂው ብራካ1 ነው፣ የከተማው አየር ያባብሰዋል፣ በጭምብል የሚወሰድ ኦክስጅንም ዕጢውን ይገድለዋል የሚሉት፣ አንዳቸውም አይቆሙም። ምክንያቱን በቅደም ተከተል አስረዳለሁ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በወሬው ውስጥ ሁለት የኖቤል ሽልማቶች ተደባልቀዋል። ጀርመናዊው ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ የካንሰር ሕዋሳት ኦክስጅን እያለላቸውም ስኳርን በብዛት ወደ ላክቲክ አሲድ እንደሚለውጡ አሳይቷል፤ በ1931 የተሸለመው ግን ሕዋሳት ለመተንፈስ የሚጠቀሙበትን ኢንዛይም ምንነትና አሠራር በማግኘቱ ነው፤ ካንሰርን በኦክስጅን የገደለ ሰው አይደለም። እንዲያውም «ኦክስጅን እያለላቸውም» የሚለው ግኝቱ የወዳጃችሁን ሐሳብ የሚያፈርስ ነው። ሁለተኛው ሽልማት የ2019 ነው፤ ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሰሜንዛ ሕዋሳት የኦክስጅንን መጠን እንዴት እንደሚለዩና እንዴት እንደሚላመዱት በማሳየታቸው የተሸለሙበት ነው። የእህትዎን ጉዳይ ለመረዳት የሚጠቅመው ይህ ነው።

ሕዋሳት ሂፍ-1 አልፋ የሚባል ፕሮቲን ያለማቋረጥ ያመርታሉ። ኦክስጅን በበቂ መጠን ሲኖር፣ ኦክስጅንን እንደ ግብዓት የሚጠቀሙ ኢንዛይሞች ፕሮቲኑ ላይ ምልክት ያደርጉበታል፣ ቪኤችኤል የተባለ ሌላ ፕሮቲን ምልክቱን ለይቶ ይይዘዋል፣ ከዚያም ሂፍ በደቂቃዎች ውስጥ ተሰባብሮ ይወገዳል። ኦክስጅን ሲያጥር ምልክቱ ስለማይደረግበት ይከማቻል፣ ወደ ሕዋሱ አስኳል ይገባል፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘረ መሎችንም ያስነሣል። አዲስ ደም ስር እንዲበቅል የሚያደርገው ቬጅኤፍ፣ ስኳርን ወደ ሕዋሱ የሚያስገባው ግሉት1፣ ሕዋሱ የራሱን አሲድ እንዲቋቋም የሚረዳው ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ 9፣ በዕጢው ዙሪያ ያለውን ሕብረ ሕዋስ እያጠነከረ ለመሰራጨት የሚያመቻቸው ሎክስ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ሥርዓቱ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ጽንስ ሲያድግም ሆነ ቁስል ሲድን የሚሠራው እሱው ነው። ዕጢው ለራሱ ጥቅም ያውለዋል።

ዕጢው ውስጥ ኦክስጅን የሚያጥረው ለምንድን ነው? ኦክስጅን ከደም ስር ወጥቶ በሕብረ ሕዋስ ውስጥ የሚጓዘው ከ100 እስከ 200 ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ አያልፍም። የዕጢ ሕዋሳት ከደም ስሮቻቸው ፈጥነው ይበዛሉ፤ የሚበቅሉት አዳዲስ ደም ስሮችም የተጣመሙ፣ የሚያፈሱ፣ አንዳንዴም ደም ጭራሽ የማያልፍባቸው ናቸው። በጀርመን አገር በቀጭን መርፌ መሰል ኤሌክትሮድ በተደረጉ ልኬቶች፣ በጤናማ ጡት ውስጥ የኦክስጅን ግፊት 65 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ሲሆን በጡት ዕጢ ውስጥ ግን መካከለኛው ልክ 10 አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል። ልኬቱ የተደረገባቸው ሴቶች የሚኖሩት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል ቦታ ነበር። ወፍራም አየር እየተነፈሱ ዕጢያቸው ይህን ያህል ከተራበ፣ የእህትዎን ዕጢ ያስራበው አራት ኪሎ ነው ማለት አይቻልም።

የከፍታውን ነገር በቁጥር እንየው። በአራት ኪሎም በሐዋሳም አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 በመቶ ነው፤ የሚለየው የአየሩ ግፊት ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። ሆኖም በደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ጤናማ ሳንባ ያለው የከተማው ነዋሪ ጣቱ ላይ የኦክስጅን ሙሌት (ኦክስጅን የያዘው የሄሞግሎቢን ድርሻ) መለኪያው ሲደረግለት 94 ወይም 95 በመቶ ቢያሳይ የሚያስደነግጥ አይደለም። አሁን እህትዎ ሄሞግሎቢኗ 13፣ ሙሌቷ 94 በመቶ ነው እንበል፤ እያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ደሟ 16 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይዟል ማለት ነው። ንጹሕ ኦክስጅን በጭምብል ብትወስድ ሙሌቱ 100 ደርሶ፣ በደሙ ውሃ ውስጥ የሚሟሟውም ተጨምሮ፣ የምታገኘው ትርፍ 2 ሚሊ ሊትር ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ነው፤ እሱም ጭምብሉ ሲወልቅ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። በአንጻሩ ሄሞግሎቢኗ ከ13 ወደ 8 ቢወርድ የምታጣው 6 ሚሊ ሊትር ነው። ስለ ኦክስጅን የሚጨነቅ ቤተሰብ ዓይኑን መትከል ያለበት ከፍታው ላይ ሳይሆን የደም ምርመራው ወረቀት ላይ ነው።

ያች ትንሽ ትርፍም ብትሆን ወደተራበው የዕጢ ክፍል በቀላሉ አትደርስም። የሰፈሩ ዋና መስመር ውሃ ቢሞላም ወደ ግቢው የሚገባው ቱቦ ከተሰበረ ቧንቧው ደረቅ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ችግሩ ደሙ የያዘው ኦክስጅን ማነስ ሳይሆን ደሙ እዚያ አለመድረሱ ነው። ከጨረር ሕክምና ጋር በአንድ ሰዓት ኦክስጅን የበዛበት አየር መስጠት በአንዳንድ ካንሰሮች ላይ ለብዙ ዓመታት ተሞክሯል፤ ምክንያቱም ኦክስጅን የሌላቸውን ሕዋሳት በጨረር ለመግደል እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ መጠን ያስፈልጋል። ይህ ግን ኦክስጅኑን የጨረሩ አጋዥ ያደርገዋል እንጂ በራሱ መድኃኒት አያደርገውም፤ ለጡት ካንሰርም የተለመደ አሠራር አልሆነም።

ወደ ዘረ መሉ ስንመጣ በቅድሚያ «ብራካ1 አለባት» የሚለው አነጋገር መታረም አለበት። ብራካ1 ወንድም ሆነ ሴት፣ ማንም ሰው ከእናቱና ከአባቱ አንድ አንድ ቅጂ ይዞት የሚወለደው ዘረ መል ነው። ሜሪ ክሌር ኪንግ በ1990 በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ እንዳለ አሳየች፤ በ1994 ዘረ መሉ ራሱ ተለየ። ሥራው የዲኤንኤ ሁለቱም ክሮች አንድ ላይ ሲበጠሱ ሳይሳሳቱ እንዲጠገኑ ማድረግ ነው። እህትዎ የወረሰችው ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱን ጎደሎ አድርጋ ነው። ዕጢው ውስጥ ደህነኛው ቅጂም አብዛኛውን ጊዜ ስለሚጠፋ የካንሰሩ ሕዋሳት ይህን ጥገና ማካሄድ አይችሉም፤ የቀረው ሰውነቷ ግን በአንዱ ደህና ቅጂ ጥገናውን ይሠራል። የታዘዘላት ሕክምና የተመረጠው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው።

ታዲያ ብራካ1 ከኦክስጅን እጥረት ጋር ምን ያገናኘዋል? ግንኙነቱ አለ፤ ግን ቀጥተኛ አይደለም። ጎደሎ ብራካ1 ባላቸው ሴቶች ላይ የሚነሡ ዕጢዎች አብዛኞቹ እንደ እህትዎ ትሪፕል ኔጋቲቭ ናቸው። የፓቶሎጂ ወረቀቷን ቢያዩ የኢስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይና የኸር-2 (ሕዋስ እንዲያድግ ትእዛዝ የሚሰጥ ፕሮቲን) መስመሮች ሦስቱም «ኔጋቲቭ» ይላሉ፤ በዚህ ዓይነት ወረቀት ላይ «ግሬድ 3» (ሕዋሳቱ ከጤናማው በጣም የተለዩ) እና «ኔክሮሲስ» የሚሉ ቃላትም ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። ኔክሮሲስ የሞተ ሕብረ ሕዋስ ነው፤ ዕጢው ደም ከሚያደርስለት መስመር ቀድሞ ማደጉን በዓይን የሚያሳይ ምልክት ነው። ከትሪፕል ኔጋቲቭ ጋር ብዙ በሚደራረበው ‹ቤዛል› በሚባለው የጡት ካንሰር ዓይነት ውስጥ ከ10 ዕጢዎች በ8ቱ ገደማ ፒ53 የተባለው ጠባቂ ዘረ መል ተበላሽቷል። በ1996 የታተመ የላቦራቶሪ ሥራ ኦክስጅን ያጠረበት አካባቢ ፒ53 ያላቸውን ሕዋሳት እየገደለ የሌላቸውን እንደሚያስቀር አሳይቷል፤ እጥረቱ ራሱ ክፉዎቹን ይመርጣል ማለት ነው። በ2012 የታተመው ትልቁ የአሜሪካ የጡት ዕጢዎች የዘረ መል ካርታም በቤዛል ዕጢዎች ውስጥ የሂፍ መስመር በርትቶ እንደሚሠራ መዝግቧል። በ2014 ደግሞ ኤክስቢፒ1 የሚባል ሌላ ፕሮቲን በትሪፕል ኔጋቲቭ ሕዋሳት ውስጥ ከሂፍ ጋር ተጣምሮ እንደሚያበረታው ታወቀ።

ብራካ1 ራሱ ሂፍን ያስነሣል ወይስ ይገታል ብትሉኝ፣ ማስረጃው በአንድ አቅጣጫ አይሄድም። በሕክምና ናሙናዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ብራካ1 በጎደላቸው ዕጢዎች ውስጥ ሂፍ በብዛት እንደሚታይ ሲያሳዩ፣ በላቦራቶሪ በሚያድጉ ሕዋሳት ላይ የተሠራ ሥራ ደግሞ ደህነኛው ብራካ1 ሂፍ ቶሎ እንዳይሰባበር እንደሚረዳ አመልክቷል። ስለዚህ «ጎደሎው ዘረ መል ካንሰሩን ያለ ኦክስጅን እንዲኖር አደረገው» የሚል ሰው ሳይንሱ ያልተናገረውን እየተናገረ ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ ያለው ግንኙነት ግን ይበልጥ የጠራ ነው፣ እኔንም ይበልጥ የሚስበኝ እሱ ነው። በ2004 እና በ2005 የታተሙ ሥራዎች ኦክስጅን ሲያጥር ሕዋሱ ራድ51 እና ብራካ1 የተባሉትን የጥገና ፕሮቲኖች ማምረት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ብራካ1ን ጤነኛ አድርጋ የተወለደች ሴት ዕጢም ቢሆን፣ በተራበው ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ጥገናቸው ይዳከማል፤ ስሕተት ያጠራቅማሉ፤ ከስሕተቱም ሕክምናን የሚቋቋሙ ሊወጡ ይችላሉ። ቀስ ብለው ስለሚባዙና ደም ስለማይደርሳቸው ኬሞም እነሱ ዘንድ ሲደርስ ደክሞ ነው። የኦክስጅን እጥረት አሳሳቢ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ መልሱ ግን ዕጢው ገና ትንሽ ሳለና የሞተው ክፍሉ ሳይሰፋ ሕክምናውን ማስቀደም ነው። ሁለት ወር ማቆየት ይህንኑ ችግር ማሳደግ ነው።

እህትዎን በቀጥታ ባይመለከትም፣ ሌላ ዓይነት የጡት ካንሰር ያለባቸው አንባቢዎች ይህን ከራሳቸው ጋር እንዳያምታቱት ስለሌሎቹ ዘረ መሎች በአጭሩ ልናገር። ኸር-2 የበዛበት ዕጢ ሂፍን የሚያበዛው በሌላ መንገድ ነው፤ መሰባበሩን አያዘገይም፣ ምርቱን ያፋጥነዋል። በ2001 እንደታየው ከኸር-2 ተነሥቶ ፒአይ3ኬ እና ኤምቶር በተባሉ ሌሎች የሕዋሱ ፕሮቲኖች በኩል የሚሄደው ትእዛዝ ኦክስጅን ሞልቶ እያለም ሂፍ እንዲመረት ያደርጋል። እዚህ ላይ ኦክስጅን መጨመር ትርጉም እንደማይኖረው ልብ ይሏል፤ ትእዛዙን የሚያቋርጠው ኸር-2ን የሚዘጋው መድኃኒት ነው። የኢስትሮጅን ተቀባይ ባላቸው ዕጢዎች ውስጥ ደግሞ ተቀባዩ የሂፍን ዘረ መል ያበረታታል፣ የኦክስጅን እጥረት በበኩሉ ተቀባዩን ያሳንሳል፤ ይህም ተቀባዩን የሚዘጋው መድኃኒት ታሞክሲፌን አንዳንዴ ለምን እንደሚደክም ከሚያስረዱት ምክንያቶች አንዱ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታከሙ ሴቶች ናሙና ላይ ተሠርቶ በ2014 የታተመ ጥናት ከሦስት ዕጢዎች ሁለቱ ገደማ ይህ ተቀባይ እንዳላቸው ስላሳየ፣ «የሐበሻ ሴት ካንሰር ሁሉ ትሪፕል ኔጋቲቭ ነው» የሚለው የመተላለፊያ ወሬም ልክ አይደለም።

የከፍታው ነገር ከተነሣ አንድ የሚያስገርም ግጥምጥሞሽ አለ። በ2012 ሻርፕ1 የተባለ ፕሮቲን ሂፍ እንዲሰባበር በማድረግ ትሪፕል ኔጋቲቭ ካንሰር እንዳይሰራጭ እንደሚገታ ታተመ። በቀጣዩ ዓመት የኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪዎችን ዘረ መል ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ከከፍታ ጋር የመላመድ ምልክት ካሳዩት ዘረ መሎች መካከል ይህንኑ ፕሮቲን የሚሠራውን አገኙ። ከዚህ ተነሥቶ ደገኛ ሴት ከካንሰር ትጠበቃለች ወይም ትጋለጣለች ማለት አይቻልም፤ ማንም ይህን አላሳየም። ይህን የጠቀስኩት «ስስ አየር ሲደመር የካንሰር ዘረ መል» የሚለው ቀላል ሒሳብ ከእውነተኛው ሥነ ሕይወት ምን ያህል እንደሚርቅ ለማሳየት ነው።

ሂፍን ወይም የኦክስጅንን ጉዳይ በቀጥታ የሚያጠቃ መድኃኒት የለም ወይ ለሚለው፣ ለጡት ካንሰር እስካሁን በመደበኛነት የሚሰጥ የለም። ቤልዙቲፋን የተባለው የሂፍ-2 (የሂፍ-1 ዘመድ የሆነ ፕሮቲን) አጋጅ በ2021 በአሜሪካ የተፈቀደው ከቪኤችኤል ዘረ መል ጉድለት ጋር ለተያያዙ የኩላሊትና ሌሎች ዕጢዎች ነው። ደም ስር እንዳይበቅል የሚያግደው ቤቫሲዙማብ በ2008 በአሜሪካ ለተሰራጨ የጡት ካንሰር ተፈቅዶ ነበር፤ ዕድሜ ማራዘሙ ስላልታየ በ2011 እዚያው ፈቃዱ ተነሣ። ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው የደም ማነስን ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲበዙ በሚያደርገው የኤሪትሮፖይቲን መርፌ ለማስተካከል መቸኮል ነው። ደም ቢጨምር ዕጢው ኦክስጅን ያገኛል፣ ሕክምናውም ይሠራል የሚል አሳማኝ የሚመስል ሐሳብ ነበር፤ የተሰራጨ የጡት ካንሰር ባለባቸው ሴቶች ላይ ሲሞከር ግን መርፌውን የወሰዱት ላይ ሞት ስለበዛ ሙከራው ሳይጠናቀቅ ተቋረጠ። ስለዚህ የእህትዎ ሄሞግሎቢን ቢወርድ መጀመሪያ ምክንያቱ ይፈለግ፤ የብረት እጥረት፣ የወር አበባ መብዛት፣ ወይም ኬሞው ራሱ ሊሆን ይችላል። ብረት ይሰጥ ወይስ ደም ይሰጥ የሚለውን ኦንኮሎጂስቷ ይወስኑ፤ ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ መርፌ አይገዛ። ኦዞን በደም ስር ማስገባትና «ኦክስጅን ይሰጣል» እየተባለ የሚሸጥ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መጠጣት ደግሞ ከጥቅም አልባነት አልፈው ይጎዳሉ፤ ሁለቱም የደም ስርን የሚዘጋ የአየር አረፋ ሊፈጥሩ ይችላሉ፣ ፐርኦክሳይዱ ጨጓራንም ያቃጥላል።

ካርቦፕላቲን የታዘዘላት በዘፈቀደ አይደለም። መድኃኒቱ የዲኤንኤ ክሮችን እርስ በርስ ያጣብቃል፤ ይህን ጉዳት ለማስተካከል ሕዋሱ የሚያስፈልገው ብራካ1 የሚመራው ጥገና ነው፣ የእሷ ዕጢ ደግሞ ይህ የለውም። በ2018 በታተመ ሙከራ፣ የተሰራጨ ካንሰር ካለባቸውና ጎደሎ ብራካ ከወረሱ ሴቶች መካከል ካርቦፕላቲን ከወሰዱት 68 በመቶዎቹ ዕጢያቸው ሲቀንስ፣ ዶሴታክሰል የተባለ ሌላ የኬሞ መድኃኒት ከወሰዱት ግን 33 በመቶዎቹ ብቻ ምላሽ አግኝተዋል። በዚያ ሙከራ ውስጥ ጎደሎ ብራካ የወረሱት ጥቂት ስለነበሩ ቁጥሩን እንደ ዋስትና አይውሰዱት፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ኦላፓሪብ የተባለው የፓርፕ (ዲኤንኤን የሚጠግን ሌላ ፕሮቲን) አጋጅ እንክብል ነው፤ የቀረችውን ሁለተኛ የጥገና መንገድ ይዘጋል። ለተሰራጨ ካንሰር በአሜሪካ በ2018 ተፈቀደ፤ በ2021 ደግሞ በመጀመሪያ ደረጃዎች ላይ ላሉና የመመለስ ሥጋታቸው ከፍ ላለ ሴቶች ከኬሞና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለአንድ ዓመት ሲሰጥ የካንሰሩን መመለስ እንደሚቀንስ ታየ። ዋጋው ከባድ ነው፤ ለእህትዎ ያስፈልጋታል ወይ፣ ከየትስ ይገኛል የሚለውን ኬሞው እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ከአሁኑ ከሐኪሟ ጋር ይነጋገሩበት።

የዘረ መሉ ውጤት እርስዎንም ይመለከታል። ጉድለቱ ከወላጅ የመጣ ከሆነ እያንዳንዱ ወንድምና እህት የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ጎደሎ ብራካ1 ከወረሱ 10 ሴቶች 7 ያህሉ እስከ 80 ዓመታቸው የጡት ካንሰር፣ 4 ያህሉ የእንቁላል እጢ ካንሰር ሊያገኛቸው ይችላል። የእህትዎን የምርመራ ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ ላቦራቶሪው የተገኘውን ያንኑ ለውጥ ብቻ ስለሚፈልግ ምርመራው ከእሷው ይቀላል። ወንድሞቻችሁም ለልጆቻቸው ስለሚያስተላልፉ ከዚህ ውጪ አይደሉም።

ሐዋሳን በተመለከተ፣ ከሕክምናው በኋላ ለዕረፍት ብትሄድ የሚከለክላት የለም። በኬሞው ወራት ግን ሕክምናዋን ከሚከታተለው ሆስፒታል እንድትርቅ አልመክርም፤ ምክንያቴ ግን ከአየሩ ጋር አይያያዝም። ካርቦፕላቲን ያለበት ኬሞ ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚያወርድ፣ በተለይ መድኃኒቱን ከወሰደች ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ብርድ ብርድ ካላት፣ ሌሊትም ቢሆን ፓራሲታሞል ወስዳ እስኪነጋ ሳትጠብቅ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ትምጣ፤ ኬሞ ላይ መሆኗንም በሩ ላይ ትናገር።